መልስ፦ የፑሊው ምልክት አልረጋ ላለህ
የሞተርህን ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) ለማየት ታይሚንግ ላይቱን፣ ማለትም ብልጭ ድርግም የሚለውን መለኪያ መብራት ስታበራ፣ ከሞተሩ ፊት በሚዞረው ፑሊ ላይ ያለው ምልክት ወዲያ ወዲህ ይዘላል ብለሃል። መጀመሪያ የቫኪዩም ቱቦውን ከዲስትሪቢውተሩ (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው) ነቅለህ ጫፉን ድፈነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለውን የኮንታክት ፖይንት (የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መገናኛ) ክፍተትም ቀድመህ አስተካክል፤ እሱ ከተነካ ታይሚንጉም አብሮ ይቀየራል።

ሞተሩ ይሙቅ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚዞርበት ፍጥነት) የመኪናው መመሪያ በሚለው ልክ ይሁን። የመብራቱን መቆንጠጫ የአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ አድርግ። ምልክቱን በጠመኔ ቀባ አድርገው። ከዚያ የዲስትሪቢውተሩን ማሰሪያ አላልተህ ምልክቱ መመሪያው በሚለው ላይ እስኪገጥም ዲስትሪቢውተሩን በጥቂት በጥቂቱ አዙር፤ ሮተሩ (በውስጡ የሚሽከረከረው ክፍል) ከሚዞርበት በተቃራኒ ከሆነ ታይሚንጉ ይቀድማል። ማሰሪያውን ካጠበቅህ በኋላ ምልክቱን እንደገና እየው፣ ሲጠብቅ ሊንሸራተት ይችላል።

እጅህን ግን ከፋኑ አርቅ! በብልጭታው የቆመ ሊመስልህ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ምልክቱ ከዘለለ የዲስትሪቢውተሩ ዘንግ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ሳይበላ አልቀረም። ሞተሩን አጥፍተህ ዘንጉን ይዘህ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርገው፤ ከተንቀሳቀሰ ቡሹ ተበልቷል ማለት ነው።