የኮሮላህን የካምቢዮ ዘይት ራስህ መቀየር ትችላለህ፤ መጀመሪያ ግን ደልዳላ ቦታ ፈልግ

ወንድምዓለም፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። ኮሮላህ የ2004 ሞዴል ኦቶማቲክ ነው፤ 190 ሺ ኪሎ ሜትር ሄዷል። እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ማርሽ ለመቀየር ያመነታል ብለሃል። አንድ መካኒክ ደግሞ «ያረጀ ኦቶማቲክ ዘይቱ ከተቀየረ ይሞታል፣ አትንካው» አለህ። እኔ ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው። ያንተን ዓይነት ኮሮላ 8 ዓመት ነድቻለሁ፤ የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዘይት 4 ጊዜ በእጄ ቀይሬያለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

«ይሞታል» የሚለው ወሬ ዝም ብሎ አልመጣም። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ በዘይት ግፊት እየተጨመቁ የሚይዙ ፍሪሲዮኖች አሉ። እነሱ ሲያልቁ ማርሹ መንሸራተት ይጀምራል። ብዙ ሰው ዘይቱን የሚያስታውሰው ያኔ ነው። ዘይቱ ይቀየራል፤ በሳምንቱ ካምቢዮው ይቆማል፤ ጥፋቱ ሁሉ ለአዲሱ ዘይት ይሰጣል። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ሐኪም ቤት የደረሰን ሰው ሐኪም ቤቱ ገደለው እንደማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለይ። ቤንዚን ስትሰጠው ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ ከሆነ፣ ወይም የኋላ ማርሽ አልይዝ ካለ፣ ዘይት አያድነውም። ገንዘብህን ለካምቢዮ ባለሙያ አስቀምጥ። ያንተ ግን «ያመነታል» ብቻ ነው። ይሄ ከዘይት ማርጀት ወይም ከዘይት ማነስ ሊመጣ ይችላል።

የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ ዘንግ አውጣና አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጣል። ቀይ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ፍሪሲዮኖቹ ተጎድተዋል። ወተት የገባበት ቀይ መስሎ ከታየህ ግን መኪናውን እንዳታስነሳው። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ መስመር ነው፤ እዚያ ከተቀደደ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ ማለት ነው።

ዘይቱን በቀለም አትግዛ። ቀይነቱ የተጨመረበት ማቅለሚያ ነው፤ ስለ ዓይነቱ ምንም አይነግርህም። ያንተ ኮሮላ የሚወስደው ቲ ፎር የሚባለውን ነው፤ መለኪያው ዘንግ ላይም ተጽፎ ታገኘዋለህ። ደብሊው ኤስ የሚባለው ከሱ በኋላ ለመጡ ቶዮታዎች የተሠራ ቀጭን ዘይት ነው፤ ሁለቱን አትቀላቅል። ይህን የምታነቡ ቪትዝ ያላችሁም ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ሁለተኛ ትውልድ ቪትዞች ሲቪቲ (ማርሹ ደረጃ የሌለው ኦቶማቲክ) ናቸው፤ የነሱ ዘይት ሌላ ነው፤ ይሄ ከገባበት ያበላሸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ናት። የብዙዎቻችን ግቢም ያዘቀዝቃል። የካምቢዮ ዘይት ደግሞ መኪናው ትንሽ ካዘነበለ ልኩ ይዋሻል። እኔ ይህን የተማርኩት በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ቀይሬ ጨረስኩ፤ ግቢዬ ውስጥ ለካሁ፤ ጎሎ አየሁት። ግማሽ ሊትር ጨመርኩ። አሁንም የጎደለ መሰለኝ፤ ደገምኩ። በማግስቱ ቤተሰብ ይዤ ወደ ደባርቅ ወጣሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስደርስ የሚቃጠል ዘይት ሸተተኝ። ወርጄ ባየው ከስር ይጨሳል። ዘይቱ በመተንፈሻው ወጥቶ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ይንጠባጠባል። ከልክ በላይ ሲሞላ የሚሽከረከሩት ክፍሎች እየመቱ አረፋ ያደርጉታል። አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም፤ ማርሹም ይንሸራተታል፤ ትርፉም መውጫ ይፈልጋል። ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ይከነክነኛል።

ማታ ስመለስ ግንበኛ ጎረቤቴ ውሃ ልኩን ይዞ መጣ። በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ አጋደመው። አረፋዋ ሸርተት ብላ ጥግ ላይ ተለጠፈች። ያኔ ገባኝ። ጎማዎቹ ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ እየደረብን፣ መኪናውን ወደፊትና ወደኋላ እያደረግን፣ አረፋዋ መሐል ላይ እስክትቆም ለፋን። አሁን ቦታው ተለክቶ ታውቋል፤ ድንጋዮቹም እዚያው አሉ። አንተም ውሃ ልክ ተዋስ፤ በርዝመቱም በጎኑም ለካ። ግቢህ እምቢ ካለ የታወቀ ደልዳላ ሲሚንቶ ያለበት ቦታ ሂድና ለካ።

ሥራው እንዲህ ነው። መኪናውን ትንሽ ንዳውና ዘይቱ ለብ ይበል፤ ካቃጠለ እጅህን ይልጠዋል። የእጅ ፍሬን ያዝ፤ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ደግፍ። በክሪክ ካነሳኸው በኋላ የብረት ካቫሌቶ (መኪናውን ተሸክሞ የሚያቆም እግር) ሳታስገባ ከስር እንዳትገባ። ብሎኬት አይሆንም፤ ሳያስታውቅ ይፈረካከሳል። በዚህ ነገር ላይ ምንም ድርድር የለም።

የማፍሰሻው ቡሎን በሹፌሩ በኩል ነው፤ የሚፈታው በ10 ቁጥር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ) ነው። ከሞተሩ ዘይት ማፍሰሻ ጋር እንዳታምታታው። የሞተሩን አፍስሶ ካምቢዮው ላይ የደረበ ሰው አውቃለሁ፤ ሁለቱንም ነው ያጣው። ዘይቱ ሲያልቅ ሮንዴላውን አዲስ አድርገህ ቡሎኑን መልስ፤ በጉልበት አትጭነው፤ ጥርሱ ከሄደ ሌላ ጣጣ ነው።

የወጣውን ዘይት አትድፋ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቅና በ2 ሊትር ሃይላንድ ለካው። ከ3 ሊትር ብዙም አይርቅም። የወጣውን ያህል ብቻ አዲስ አስገባ፤ የሚገባው በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ ነው። እኔ የሃይላንድ አንገት ቆርጬ ቀጭን ጎማ እሰካበታለሁ። ድሮውንም ጎድሎ ከነበረ ጉድለቱን በኋላ በትኩሱ ስትለካ ታየዋለህ።

ከዚያ መኪናውን አውርድ። ፍሬን ረግጠህ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል እያንዳንዱ ላይ ትንሽ እያቆምክ አዳርሰህ ወደ ፒ መልስ። 20 ደቂቃ ያህል ንዳ፤ እኔ አዘዞ ደርሼ እመለሳለሁ። ከዚያ የለካኸው ደልዳላ ቦታ ላይ አቁም። ሞተሩን ሳታጠፋ ዘንጉን አውጥተህ ጥረግ፤ አስገብተህ እንደገና አውጣ። ትኩስ በሚለው ሁለት ምልክት መሐል መሆን አለበት። ከጎደለ በቡና ሲኒ ልክ እየጨመርክ እንደገና ለካ።

አንድ ጊዜ ቀይረህ ቀለሙ ወዲያው ቢጠቁር አትደንግጥ። ጠቅላላ ዘይቱ ወደ 7 ሊትር ነው። 3 ሊትር ስታወጣ አሮጌው ከግማሽ በላይ ውስጥ ይቀራል፤ አዲሱ 43 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ሁለተኛ ስትደግም 67፣ ሦስተኛ 81 በመቶ ይደርሳል። እኔ በየ500 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው ያጸዳሁት። ላረጀ ካምቢዮ ሁሉንም በማሽን ገፍቶ ከማስወጣት ይሄ ቀስ ያለ መንገድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የእኔ ማመንታቱን የተወው ከሁለተኛው በኋላ ነው።

አሮጌውን ዘይት ጄሪካን ውስጥ አጠራቅመህ የሚቀበል ጋራዥ ስጥ። ቦይ ውስጥ አትድፋው። ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

አሁን ዘይት ከመግዛትህ በፊት ያቺን ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ አድርገህ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሳና እዚሁ ልቀቃት። ሽታውንም ጻፍልን። ውሃ ልክ ካጣህ የጎረቤቴን አመጣልሃለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ።