የተበላሸ ዲሽ ሪሞት ለኮምፒውተር ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አራት ኪሎ ነው ምንኖረው። ወንድሜ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስና ኮዲ የሚባለውን ፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ጭኖ ከሳሎኑ ቲቪ ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኝቶልን ፊልም ምናምን በሱ ነው ምናየው፣ እማዬ ግን ማውስ አልሆንላት ብሎ ለማቆም እንኳ እኔን ነው ምትጠራው። ዩኤስቢ ላይ ሚሰካ የሪሞት መቀበያ ገዛሁና ከተበላሸው የዲሽ ሪሲቨራችን የተረፈውን ሪሞት ሞከርኩ። ስጫን መቀበያው ላይ ያለችው መብራት ብልጭ ትላለች፣ ኮዲ ግን ንቅንቅ አይልም። ሻጩ ሌላ ሪሞት ግዢ አለኝ፣ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ አትግዢ። መብራቷ ብልጭ ካለች ሪሞቱም እየላከ ነው መቀበያውም እያየው ነው፣ ችግሩ ከዛ በኋላ ነው። (ሪሞቱን ብቻውን መፈተሽ የሚፈልግ ሰው የስልኩን ሰልፊ ካሜራ ከፍቶ የሪሞቱን ጫፍ ወደሱ አዙሮ ይጫን፣ ለዓይን የማይታየው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሀምራዊ ሆኖ ብልጭ ይላል፣ ካላለ መጀመሪያ ባትሪ ድንጋይ ይቀይር። የኋላው ካሜራ ብዙ ጊዜ ፊልተር አለው።)

ሁሉም ሪሞት ኢንፍራሬድ ቢልክም ቋንቋው ይለያያል፣ ሶኒ የራሱ አለው፣ ፊሊፕስ አርሲ-5ን አወጣ፣ የዲሽ ሪሞቶች ደግሞ ብዙዎቹ ኤንኢሲ በሚባለው ነው የሚያወሩት። መቀበያሽ ለማይክሮሶፍት ሚዲያ ሴንተር የተሰራው ዓይነት ከሆነ ሊኑክስ ዝም ብለሽ ስትሰኪው አርሲ-6 የሚባለውን ሌላ ቋንቋ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ስለዚህ ያንቺ ሪሞት ቢናገርም የሚገባው የለም።

አይአር-ኪቴብል (ir-keytable) የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚና ተርሚናል ላይ (ትእዛዝ በጽሁፍ የሚሰጥበት መስኮት) ኤንኢሲን እንዲሰማ አዘሽ በመሞከሪያው አስጀምሪው፣ ካልሆነ ሁሉንም ፕሮቶኮል (ቋንቋ) ክፈቺለት። አሁን አንድ ቁልፍ ስትጫኚ ስካንኮድ የሚባል ቁጥር ይወጣል። ወረቀት ይዘሽ ለእማዬ የሚያስፈልጓትን ብቻ ጻፊ፣ አራቱ ቀስቶች፣ ኦኬ፣ መመለሻ፣ ፖዝ፣ ማቆሚያ፣ ድምፅ፣ በቃ።

ከዛ ከፕሮግራሙ ጋር አብረው ከሚመጡት፣ የትኛው ቁጥር የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ከሚናገሩት የቁልፍ ፋይሎች አንዱን ገልብጠሽ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ በጻፍሻቸው ተኪ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፣ ለኦኬ ቁልፍ ኦኬ የሚለውን ስም አትስጪው፣ ኤክስ የሚባለው የሊኑክስ ስክሪን ሲስተም በሊኑክስ ከ255 በላይ ቁጥር የተሰጣቸውን ቁልፎች (ኦኬም አንዱ ነው) ስለማያሳልፍ መሞከሪያው ላይ ይታይሽና ኮዲ ላይ ይጠፋል። ኢንተር በይው። መመለሻውን ባክስፔስ፣ ፖዙን ስፔስ፣ ማቆሚያውን የኪቦርዱን ኤክስ ፊደል አድርጊው፣ ኮዲ እነዚህን ያለ ምንም ሴቲንግ ያውቃቸዋል።

ፋይሉን ኢቲሲ (/etc) በሚባለው የሊኑክስ ሴቲንግ ፎልደር ውስጥ ካለው የቁልፎች ፎልደር አስገቢና ስሙን እዛው ኢቲሲ ውስጥ ባለው የማፕ ዝርዝር ላይ ጨምሪ፣ አለበለዚያ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ልትጀምሪ ነው። አንድ ጊዜ ተጭነሽ ሁለቴ ከሄደብሽ ሊርክ የሚባለው የድሮው ፕሮግራም አብሮ እየሰራ ይሆናል፣ አጥፊው።

መቀበያውን ከቲቪው ጀርባ አትደብቂው፣ በዩኤስቢ ማራዘሚያ ወደ ፊት አውጪው። በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ አካባቢ የሚርገበገብ ብርሃን እየለየ ነው የሚያነበው፣ ቀጥታ ፀሐይ ካረፈበት ግን ይደናበራል፣ ከሰዓት ላይ ብቻ እምቢ ካለሽ መጋረጃውን ሳቢ። የማቆሚያዋን ቁልፍ ደግሞ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጊላት፣ እማዬ ከሁሉም በላይ የምትፈልገው እሷን ነው።