እንጨት በሌለበት በረሃ ወርቅ ፈላጊዎች ምን ውስጥ ይኖሩ ነበር?

እህቴ፣ «የድሮዎቹ የኔቫዳ ወርቅ ፈላጊዎች ዛፍ በሌለበት በረሃ የት ነበር የሚያድሩት? ድንኳን ብቻ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው። ለዓመታት ቱሪስት ይዤ ዴዝ ቫሊ ወደሚባለው በረሃ ስለምመላለስ ቤቶቹን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

መጀመሪያማ ድንኳን ነው። ግን ድንኳን ያንን ነፋስ አይችልም፣ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ደግሞ ያንዘፈዝፋል። ሳንቃ በጋሪ ከሩቅ ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሰዉ ምግብና መጠጥ የመጣበትን ዕቃ ሁሉ ቤት ሠራበት። የላምባ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ግድግዳ ይሆናል፣ ሳጥኑ ተፈትቶ በር ይሆናል። ይሄን እኛም አገር የማያውቅ የለም።

ራዮላይት የምትባል ባዶ የቀረች ከተማ አለች። አካባቢው ላይ ወርቅ የተገኘው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው። ቶም ኬሊ የሚባል ሰው በ1906 እዚያ በ50 ሺህ ገደማ ጠርሙስ ቤት ሠራ። አብዛኛው የቢራ ጠርሙስ ነው፤ መጠጥ ቤት በየቦታው ስለነበር ጠርሙስ እንደ ጉድ ነው የሚገኘው። ቂጡን ወደ ውጭ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አጋድሞ በጭቃ ደረደረው፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ለሰነው። ቤቱ ዛሬም ቆሟል። የእኛው ዳሎልም እንደዚሁ ነው፣ የድሮው የፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚሆን ጨው) ማውጫ ካምፕ ፍርስራሽ ውስጥ ግድግዳው ከጨው የተጠረበ ነው። ዝናብ ቢበዛ ኖሮ ሟሙቶ ያልቅ ነበር።

ከሁሉም የበለጠ የገረመኝ ግን ሾሾኒ፣ ካሊፎርኒያ ያለው ነው። ደብሊን ገልች ይሉታል። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ለስላሳውን የሸክላ ኮረብታ በዶማ ፈልፍለው ክፍል አወጡለት። ቁፋሮ እንደሆነ ሥራቸው ነው! በር ገጠሙለት፣ ምድጃ አስገቡ፣ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ ወደ ላይ አወጡት። ከደጁ የዛገ የጣሳ ክምር አሁንም አለ። በሐምሌ፣ ውጩ እንደ ምጣድ ሲግል፣ በአንዱ በር ስንጥቅ ፊቴን አስጠግቼ ነበር። የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ነው፣ እንደ እህል ጉድጓድ አፈር አፈር ይሸታል። ያን ጊዜ ነው እነዚያ ሰዎች ሳንቃ ቢያገኙም ለምን ከዋሻው መውጣት እንደማይፈልጉ የገባኝ፣ የሳንቃ ቤት በዚያ ፀሐይ ምድጃ ነው የሚሆነው።

ለማየት ከመጣሽ ከኅዳር በኋላ ነይ፣ ውኃም በብዛት ያዢ። ከቬጋስ ሾሾኒ በመኪና ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅም።