«ከፍተኛ የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያ»፦ ከፍተኛው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። በአንድ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። የሥራ መደቤ በመታወቂያዬ ላይ «ከፍተኛ የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያ» ይላል። ደብዳቤ ላይ «የአየር ንብረት ለውጥ ከፍተኛ ባለሙያ» ተብሎ ይጻፋል። አለቃዬ ደግሞ «ሲኒየር ስፔሻሊስት በሉት፣ ይበቃል» ይላሉ። የትኛው ነው ልክ? ሁለተኛው ጥያቄዬ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። ብዙ ጊዜ ደቡብ ወሎ ፊልድ እወጣለሁ። ስለ አየር ለውጥ ለገበሬዎች ስናገር ሰነዶቻችን እንደሚሉት «መላመድ»፣ «ማስተሰረይ»፣ «አይበገሬነት» እላለሁ። ባለፈው አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ድርቁን ልመዱት ልትይን ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ቃሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቃሉ ነው። አዛውንቱ የሰሙት አማርኛው የሚለውን ነው፣ አንቺ ልትዪ የፈለግሽውን አይደለም። እሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን የመታወቂያሽን ነገር ልጨርስ።

«ከፍተኛ የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያ» በሰዋስው ስህተት ነው ማለት አልችልም። «ከፍተኛ» ላይ «የ» ስለሌለ ቅጽሉ መሃል ያሉትን ስሞች ተሻግሮ «ባለሙያ» ላይ ያርፋል። ከፍተኛ የሆነው ለውጡ ቢሆን ኖሮ «የከፍተኛ» መባል ነበረበት። ችግሩ ጆሮ እስከ መጨረሻው አይጠብቅም። ሰው «ከፍተኛ የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን እንደ አንድ ሐረግ ይይዘዋል፣ ዜና ላይም እንደዚያ ይሰማዋልና፣ ከዚያ «ባለሙያ» ስትመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መፍታት ይኖርበታል።

ነገሩ የሚብሰው ደግሞ ፊቱ ላይ መስተዋድድ ሲጨመር ነው። «ለከፍተኛ የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያ የተጻፈ» ብለሽ ሞክሪ። በአማርኛ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ሲመጡ «የ»ን ይውጧታል። «ለየቤት» አንልም፣ «ለቤት» ነው የምንለው። ስለዚህ ቅድም ልዩነቱን ያስጠበቀልን «የ» እዚህ ላይ መኖር አለመኖሩ አይታወቅም። ከፍተኛው ለውጡ ይሁን ባለሙያዋ በምንም አይለይም። «የከፍተኛ የአየር ንብረት ለውጥ ባለሙያ ደመወዝ» ሲባልም እንደዚሁ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ግን ምንም ብትጨምሪበት አይናወጥም፦ «ለአየር ንብረት ለውጥ ከፍተኛ ባለሙያ»። ቅጽሉ ስሙ አጠገብ ተቀምጧል። ስለዚህ ልኩ ደብዳቤው ነው፣ መታወቂያው ይታረም።

«ሲኒየር ስፔሻሊስት»ን ቢሮ ውስጥ ስትጠሩበት አልቃወምም። ቀበሌ ላይ ግን ምን እንደምትሠሪ አይናገርልሽም። «ባለሙያ» ይናገራል። አንዳንድ ሴቶች «ባለሙያ» ሲባሉ ቅር ሲላቸው ሰምቻለሁ፣ በቤት ወግ «ባለሙያ ናት» ማለት ወጥ ታውቃለች፣ እጇ ይጣፍጣል ማለት ነውና። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። «ሙያ» በእጅ የተፈተነ ዕውቀት ነው። ዶሮ ወጥ አሳምሮ መሥራትና የዝናብ መረጃ አንብቦ ለገበሬ ማስረዳት በአንድ ቃል ቢጠሩ ቃሉ አይረክስም።

አሁን «አየር ለውጥ» ስላልሽው። እባክሽ «ንብረት»ን አታውጪው። በአማርኛ «የአየር ለውጥ» ሌላ ትርጉም ይዟል። የታመመ ሰው «የአየር ለውጥ ያስፈልግሃል» ተብሎ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። ከተማ የቀየረ ሰው ጉንፋን ሲይዘው «የአየር ለውጥ ነው» ይባላል። ስለዚህ አሳጥረሽ ስትናገሪ አድማጭሽ ዘንድ የሚደርሰው ሌላ ነገር ነው።

«ንብረት» ደግሞ እዚህ ቦታ ላይ በጣም የምወደው ቃል ነው። ዛሬ ንብረት ስንል ሀብት ማለታችን ነው፣ ቤት፣ መሬት፣ ከብት። በግእዝ ግን ከ«ነበረ» የመጣ ነው፣ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። ንብረትም አኗኗር፣ አቀማመጥ፣ ጸንቶ የቆየ ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት ማለት እንግዲህ የአየሩ አኗኗር ነው። ዛሬ ዘነበ ነገ ፀሐይ ወጣ የሚለው የአየር ሁኔታ ወይም የአየር ጠባይ ነው፣ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየቀኑ የሚተነብየው። የአየር ንብረት የሚባለው ደግሞ ዓመታት ተደምረው የሚታየው ነው፣ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የ30 ዓመት አማካይ ይወስድለታል። ይህንን ልዩነት ለገበሬ ለማስረዳት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ ውርጭ፣ እነዚህ ሁሉ የአየር ንብረት ቃላት ናቸው። ሕዝቡ ምን የት እንደሚበቅልና ወባ እስከ የት እንደምትደርስ የለየባቸው ናቸው። በሞቀ ዓመት ወባ ወደ ደጋው ከፍ ትላለች። «ቆላው ወደ ደጋ እየወጣ ነው» ብትያቸው ያለ ምንም ሰነድ ይገባቸዋል።

ወደ አዛውንቱ እንምጣ።

«መላመድ» ሥሩ «ለመደ» ነው። ልማድም፣ ልምድም፣ ልምምድም ከእሱ ይወጣሉ። «ተላመደ» ስንል ሁለት ወገኖች እርስ በርስ ተዋወቁ፣ ፍርሃት ቀረ ማለታችን ነው። ፈረስና ጋላቢ ይላመዳሉ። አዲስ የገባ ተከራይ ከሰፈሩ ጋር ይላመዳል። ከድርቅ ጋር ተላመዱ ሲባልስ? ድርቁ ይኑር፣ እናንተም ኑሩ፣ ተቻቻሉ ማለት ይሆናል። ደግሞ «ለመደው» በአማርኛ ስለ መከራ የሚነገርበት ጊዜ ብዙ ነው። «ምን ያድርግ፣ ርሃቡን ለምዶታል» ይባላል። ተስፋ መቁረጥ ነው ያ። አዛውንቱን ያስቀየማቸው ይህ ነው፣ ወሎ ላይ ደግሞ የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ ያዩ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ለእነሱ «ልመዱት» ቀላል ቃል አይደለም።

ሰነዱ ሊል የፈለገው ግን ፍጹም ሌላ ነው። የዘር ጊዜ መቀየር፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር መዝራት፣ ውሃ ማቆር፣ እርከን መሥራት፣ ተፋሰሱን ማልማት። ሁሉም ሥራ ነው፣ ሁሉም እጅ ይፈልጋል። ለዚህ «ማጣጣም» ይሻላል የምለው በሰዋስው ምክንያት ነው። «መላመድ» ተሳቢ አይፈልግም። ሰውዬው ራሱ ይላመዳል፣ በቃ፣ ሌላ ምንም ላይቀየር ይችላል። «ማጣጣም» ግን ተሳቢ ካልሰጠሽው አይቆምም። ምንን? እርሻን። ከምን ጋር? ከዝናቡ ጋር። «እርሻችሁን ከዝናቡ ጋር ማጣጣም» ስትዪ ቃሉ ራሱ የሚለወጠውን ነገር እንድትጠሪ ያስገድድሻል። መለወጥ ያለበት አሠራሩ እንጂ የሰውዬው ትዕግሥት እንዳልሆነ ይታያል።

«ማስተሰረይ» ደግሞ ይበልጥ ይከብደኛል። ቃሉ ከ«ስርየት» ነው፣ ስርየተ ኃጢአት ከምንለው። የቤተ ክርስቲያን ጆሮ ያለው ሰው ሲሰማው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን በድለን?» ብሎ ነው። ደቡብ ወሎ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ስለሆነ ደግሞ ለብዙዎቹ አድማጮችሽ ቃሉ ከነጭራሹ እንግዳ ነው። ኢትዮጵያ ከዓለም የጋዝ ልቀት ያላት ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው። በአንድ ጥማድ በሬ ለሚያርስ ሰው ስርየት ያስፈልግሃል የሚል ቃል ይዞ መሄድ፣ ሳይታሰብ ቢሆንም፣ በደል ነው። የፈለግሽው ወደ አየር የሚወጣውን ጋዝ መቀነስና ዛፍና አፈር የሚይዙትን መጨመር ከሆነ ይህንኑ በይ። ሰነድ ላይ «የልቀት ቅነሳ» ይበቃል።

«ልቀት» ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ከ«ለቀቀ» የመጣው ልቀት «ቀ»ው ይጠብቃል፣ «ጠበበ» ብለን «ጥበት»፣ «ቀለለ» ብለን «ቅለት» እንደምንለው። ከ«ላቀ» የመጣው ልቀት ደግሞ ይላላል፣ እንደ «ርቀት»፣ እንደ «ንቀት»፤ ብልጫ ማለት ነው። ጽሑፍ ላይ ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ቢያንስ በመጀመሪያው ቦታ «የጋዝ ልቀት» ወይም «የካርቦን ልቀት» ብለሽ ጻፊ።

አይበገሬነትን በአጭሩ ላልፈው። ይህ ግስ ከአሉታ ውጪ ሲነገር አይሰማም ማለት ይቻላል። «አይበገርም» እንላለን፣ «ተበገረ» የሚል ሰው ግን አጋጥሞሽ ያውቃል? ቃሉ ምንም የማይነቀንቀውን ነገር ነው የሚያሳየው፣ ምሽግን፣ ጀግናን። መንግሥት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስትራቴጂ «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ተብሎ ስለተጠራ ስሙን እንደ ስም መጠቀም ግድ ነው። ከገበሬ ጋር ስታወሪ ግን ማንም ቢሆን በረዶና ድርቅ አይነካህም ብሎ ቃል ሊገባ አይችልም። የምትፈልጊው ተመትቶ እንደገና የመነሳትን አቅም ነው። ለዚህ «መቋቋም» አለ፣ ከሁሉ ደግሞ «ማገገም» አለ። በሽተኛ እንደሚያገግመው ቤተሰብም ከመጥፎ ዓመት ያገግማል። ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

አሁን ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ ሙያ የሚጻፉ ትርጉሞች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ስለሆነ። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. ከፓሪሱ የአየር ንብረት ጉባኤ በፊት ያቀረበችው ዕቅድ ልቀትን 64 በመቶ መቀነስ ይል ነበር። ይህ «ልቀቷን አሁን ካለው በ64 በመቶ ትቀንሳለች» ተብሎ ሲተረጎም አይቻለሁ። አይደለም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በ2010 እ.ኤ.አ. ልቀቱ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ምንም ካልተደረገ በ2030 400 ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ተገመተ። የዚያ ዕቅድ ግብ 145 ሚሊዮን ላይ ማቆም ነበር። ቅናሹ የሚቆጠረው «ከነበረው» ሳይሆን «ሊደርስ ይችል ከነበረው» ነው። አማርኛ ይህን የሚለይበት መንገድ አለው፣ ያቺን «ሊደርስ» የምትል ቃል መጣል ብቻ ነው ትርጉሙን የሚያበላሸው። «በ» እና «ወደ»ም እንደዚያው ናቸው። በ145 ሚሊዮን መቀነስና ወደ 145 ሚሊዮን መቀነስ ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ ይራራቃሉ።

ዓመተ ምሕረቱንም አስቢው። ሰነዱ ላይ «በ2030» ተብሎ የሚጻፈው የአውሮፓውያኑ ነው። ወረዳ ላይ «እስከ 2030» ብለሽ ስትናገሪ ሰው የሚያስበው የእኛን 2030 ነው፣ እሱ ደግሞ የሚገባው በነሱ መስከረም 2037 ነው። ግቡን ሰባት ዓመት ገፋሽው ማለት ነው። «እስከ 2022 ዓ.ም. መጨረሻ» ብትዪ ሁሉም በጣቱ ቆጥሮ ስንት ክረምት እንደቀረው ያውቃል።

እና ወደዚያ ስትመለሺ አዛውንቱን ፈልጊያቸው። «አባቴ፣ ልመዱት ማለቴ አይደለም። ዝናቡ ጊዜውን ስለለወጠ እርሻውን ከሱ ጋር እናጣጥመው ነው የምለው» በያቸው። ከዚያ በልጉ በልጅነታቸው በየትኛው ወር ይገባ እንደነበር፣ አሁን ሲዘገይ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቂያቸው። የሚሉሽን ቃል በቃል ጻፊልኝ፣ እኔም የምፈልገው ነው።