«ኦፕን»፦ «ክፈት» ነው ወይስ «ክፍት»?

የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ አማርኛ ስትተረጉም «ኦፕን» (Open) የምትል የእንግሊዝኛ ቃል ብታጋጥምህ፣ ትእዛዝ ትሁን ሁኔታ ከቃሏ ብቻ አታውቀውም፤ ስለዚህ አትገምት። «ኦፕን» በትርጉም ፋይሉ ውስጥ ብቻዋን ከቆመች መልሱ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው።

1. በፒኦ (PO) ፋይሉ፣ ማለትም የሚተረጎሙት ጽሑፎች በተዘረዘሩበት ፋይል፣ ከቃሏ በላይ በ«#:» የሚጀምረውን መስመር እይ። ቃሏ ያለችበትን የኮድ ፋይልና የመስመር ቁጥር ይነግርሃል።

2. እዚያ መስመር ላይ ሂድ። አጠገቧ «በተን» (button፣ አዝራር) የሚል ካየህ ትእዛዝ ናት፤ «ክፈት» በላት። «ስቴተስ» (status) የሚል ካየህ ሁኔታ ናት፤ «ክፍት» በላት።

ሁለቱም ቦታ ላይ ካለች ግን ብቻህን አትፈታውም። ጌትቴክስት (gettext፣ የሚተረጎሙትን ጽሑፎች ከኮዱ የሚሰበስበው መሣሪያ) አንድ ዓይነት ጽሑፎችን አዋህዶ አንድ ትርጉም ብቻ ነው የሚቀበልህ። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ይብቃቃል፤ አማርኛው አይችልም። ለፕሮግራመሩ እንዲህ ብለህ ጻፍለት፦ «ይህች ቃል አንድ ቦታ ግስ፣ ሌላ ቦታ ቅጽል ናት። እባክህ በኮንቴክስት (የት እንደምትውል በሚናገር ምልክት) ለያትልኝ።» የሚያስፈራ ጥያቄ አይደለም፤ ኮንቴክስት የተሠራው ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። እኔ ዲሊትንም (Delete) ካንስልንም (Cancel) «ሰርዝ» ብዬ ተርጉሜ ነበር። ለየብቻ ሲነበቡ ሁለቱም ልክ ናቸው። ፕሮግራሙን ስከፍተው «ፋይሉ ይሰረዝ?» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት አዝራር አለ፦ «ሰርዝ» እና «ሰርዝ»። በጣም ደነገጥኩ፤ ሰው ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ ሲጫን የልፋቱን ፋይል ሊያጣ ነው! ከዚያ ወዲህ ዲሊትን «አጥፋ»፣ ካንስልን «ተው» እላለሁ። አንተም ፋይሉን ከመላክህ በፊት ፕሮግራሙን አስነሣና መስኮቶቹን አንድ በአንድ እያቸው።