ኒውክሌር ለጎንደር ውኃ ምን ይሠራል? ለእህታችን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን የጠየቀችው ይኼን ነው፦ «ጂኦሎጂ ተመርቄ ጎንደር ነው ያለሁት። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ለታዳጊ አገሮች ሥልጠናና መሣሪያ ይሰጣል ሲባል እሰማለሁ። እውነት እኛ ጋ ይደርሳል ወይስ የአዲስ አበባ ሰዎች ነገር ነው? ደግሞስ ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ከተማ ኒውክሌር ምን ይሠራለታል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። እኔም ብዙ የቆየሁት ውኃ ሥራ ላይ ነው፤ በዚሁ ፕሮግራም ሞሮኮ ተልኬ ሠልጥኛለሁ። ለውኃችን ይሠራል፣ በጣም ይሠራል።

ጎንደር ውኃ የምታገኝበትን የአንገረብ ግድብ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ግድቡ ውስጥ ይከተዋል። የውኃውን ቦታ ደለል ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ጀሪካን ነው፣ ቦቴ ነው፣ ወረፋ ነው። እርከን ይሠራ ሲባል ታዲያ የቱ ተዳፋት ላይ ይቅደም? ይኼ በዓይን ግምት አይመለስም። ሲዚየም 137 የሚባለው ጨረር አውጪ ንጥረ ነገር ግን ይመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ኃያላን መንግሥታት የኒውክሌር ቦምብ አየር ላይ ሲሞክሩ ተበትኖ ከዝናብ ጋር በየአገሩ የወረደ ነው። አፈር ላይ ያለው መጠን በጣም ትንሽ ስለሆነ አያስፈራም። ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት ዛሬም በመሣሪያ ይለካል። ታርሶ ከማያውቅ ሜዳማ ቦታ ናሙና ትወስጃለሽ፤ እኛ አገር የድሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሣሩ ሳይነካ የቆየበት ጥግ ለዚህ ይመቻል። ከዚያ ከታረሰው ተዳፋት ጋር ታስተያዪዋለሽ። ተዳፋቱ ላይ ሲዚየሙ ካነሰ አፈሩ ሄዷል ማለት ነው።

የጉድጓድ ውኃም እንዲሁ ነው። ትሪቲየም በእነዚያ የቦምብ ሙከራዎች ዝናብ ውስጥ የበዛ ጨረር አውጪ ሃይድሮጅን ነው፤ እሱ ጨርሶ የሌለበት ውኃ ከሙከራዎቹ በፊት ወደ መሬት የገባ ነው። ያንን ውኃ ያለ ልክ መሳብ አደጋ አለው፤ የዘንድሮ ዝናብ ቶሎ አይተካውም። ኦክስጅን 18 የሚባለው ከባዱ የኦክስጅን ዓይነት ደግሞ ሌላ ነገር ይነግርሻል። ውኃ ሲተን ቀላሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ስለዚህ ጉድጓዱን የሚመግበው በቀጥታ ዝናብ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ ከዋለ ግድብና ሐይቅ የሚሰርግ ውኃ ነው የሚለው ይለያል። ማነጻጸሪያም አለን፤ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የዝናብ አይሶቶፕ (እንደ ኦክስጅን 18 ያሉ የአንድ ንጥረ ነገር የተለያየ ክብደት ያላቸው ዓይነቶች) ከሚለካባቸው ቀደምት የአፍሪካ ጣቢያዎች አንዷ ናት።

ሥልጠናው ላይ ከምንም በላይ የጠቀመኝ ትንሽ የምትመስል ነገር ናት። ጠርሙሱን እስከ አፉ ትሞይዋለሽ። አየር እንዳይቀር ገልብጠሽ ታያለሽ፤ አረፋ ካለ ደፍተሽ እንደገና ትቀጂያለሽ። ክዳኑን ጥብቅ! ትንሽ ከተነነ ላብራቶሪው የሚለካው የጉድጓዱን ውኃ ሳይሆን የጠርሙሱን ታሪክ ነው። ለትሪቲየም ናሙና ስትወጪ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ የእጅ ሰዓት አታድርጊ፤ አንዳንዱ ሰዓት ራሱ ትሪቲየም ስላለበት ናሙናውን ያበላሸዋል። ይኼን ከመጽሐፍ ብቻ አታገኚውም። አጠገብሽ የሚቆም ባለሙያ ይጠይቃል፣ የትብብሩ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያ ብቻውን ሲመጣ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ውስጥ ውድ መለኪያ ከነካርቶኑ ተቀምጦ ቆየ። የሠለጠነው ልጅ ሥራ ቀይሯል፣ መብራቱ ይቆራረጣል፣ መለዋወጫ ለመግዛት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ የለም። በጣም ያሳዝናል። ስለዚህ ፕሮፖዛል ስትጽፉ «ይኼ ማሽን ይሰጠን» ብላችሁ አትጀምሩ። «የአንገረብ ደለል ከየት ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ጀምሩ። ማን እንደሚሠራበት፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ውጤቱን የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚጠቀምበት ጻፉ። ቢያንስ ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ አንዱ ቢለቅ ሥራው አይቆምም።

ይደርሳል ወይ ላልሽው፣ ይደርሳል፤ በራሱ ግን አይመጣም። ኤጀንሲው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፣ ኢትዮጵያም ከዚያው ዓመት ጀምሮ አባል ናት። ፕሮጀክት የሚቀርበው በመንግሥት በኩል፣ በአገሪቱ ተጠሪ ቢሮ አማካይነት ነው። ዑደቱ ሁለት ዓመት ስለሆነ ቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ሰዎች የሚቀድሙት ወሬውን ቶሎ ስለሚሰሙ ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲውና የውኃ መሥሪያ ቤቱ አንድ ላይ ሆነው ቢጽፉ ክብደት ይኖረዋል። አፍራ የሚባል እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሠራ የአፍሪካ አገሮች ስምምነትም አለ፤ እርስ በርስ እንድንሠለጥን መንገድ ከፍቷል። ሙቀቱን፣ አቧራውንና የመብራቱን ነገር ከሚያውቅ አፍሪካዊ መማር ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ውኃ ብቻም አይደለም። ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈውን ዝንብ ወንዱን በጨረር አምክኖ መልቀቅ ዛንዚባር ላይ ዝንቡን አጥፍቷል፤ እኛም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሞክረነዋል። የካንሰር የጨረር ሕክምናም ለብዙ ዓመት በአገሪቱ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከጎንደር ሄዶ ወረፋ የጠበቀ ዘመድ ያለው ሰው የዚህን ትርጉም ያውቃል።

አንቺ ግን ተቋም እስኪነሣ ድረስ አትጠብቂ። በማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ ስም የተሰየመ ለሴቶች ብቻ የሆነ የኤጀንሲው ፌሎሺፕ (የትምህርት ወጪ ድጋፍ) አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የተጀመረው። በኒውክሌር ነክ ዘርፍ ማስተርስ ለሚማሩ ነው፣ አይሶቶፕ ሃይድሮሎጂም (ውኃን በአይሶቶፕ ማጥናት) ይገባል። ለትምህርት ክፍያ በዓመት እስከ 10,000 ዩሮ፣ ለኑሮም እንዲሁ እስከ 10,000 ይሰጣል፣ እስከ ሁለት ዓመት። የምታመለክቺው ራስሽ፣ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ነው። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ መቀበል ስላለበት አሁኑኑ ትምህርት ቤት ፈልጊ። ለምን መማር እንደፈለግሽ የምትጽፊበት ደብዳቤ ላይ አንገረብን አስገቢው። ረቂቁን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ አንብቤ አስተያየት እሰጥሻለሁ።