ቆቦ ማሽላ ውስጥ ስለወጣው ነጭ አበባ፦ ከመንቀልሽ በፊት ቅጠሉን እዪ

አብሽሪ እህቴ። የጠየቅሽው ማሽላው ውስጥና አጥሩ ጥግ የወጣው ነጭ ጥቃቅን አበባ ምን እንደሆነ፣ ላሟ ብትበላውስ ይጎዳት እንደሆነ ነው። ፎቶው ከላይ ስለተነሳ ቅጠሉ አይታይም። ቢሆንም ቆቦ ሜዳ ላይ፣ ማሽላ ውስጥ፣ በነሐሴ ነጭ አበባ ከተባለ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቅንጬ አረም ነው። ፋራምሲሳም ፓርቲኒየምም የሚሉት እሱኑ ነው። «ካሞማይል ነው፣ አድርቀሽ ለሻይ አድርጊው» ያለሽን ግን አትስሚው። ይህ ምክር በየክረምቱ ብቅ ይላል፤ የሚሰጡትም ተክሉን ነክተውት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የካሞማይል አበባ ዳሩን የከበቡት ነጭ ቅጠሎች ረዘም ያሉና ከአሥር በላይ ናቸው። የቅንጬ አምስት ብቻ ናቸው፣ እነሱም ለዓይን የሚያስቸግሩ።

1. አበባውን ተዪና ቅጠሉን እዪ። የሱፍ፣ የኑግና የአደይ ወገን አበባው ሁሉ ይመሳሰላል፤ አንድ አበባ መስሎ የሚታየውም በአንድ ራስ ላይ የታጨቁ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጥቅል ነው። ስለዚህ በአበባ ብቻ የፈረደ ይሳሳታል። ቅጠሎቹ ግንዱ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከወጡ ቅንጬ አይደለም፣ ተገላገልሽ። አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ እየተፈራረቁ ከወጡና እንደ አሪቲ የተሰነጣጠቁ ከሆኑ ግን ተጠራጠሪ። አሪቲ በጣት ሲታሽ ቤቱን ያውደዋል፤ ቅንጬ ያ ሽታ የለውም። ግንዱን ዳብሺው፦ ከላይ እስከ ታች ሸንተረር ሸንተረር ይላል። የአበባው ራስ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ብዙ ሆኖ ሲታይ የተበተነ ቅንጬ ይመስላል።

ገና ሳያብብ መለየቱ ደግሞ ይበልጣል። ያኔ ግንድ የለውም፤ ቅጠሉ መሬት ላይ ክብ ሆኖ ተነጥፎ ካሮት ይመስላል፣ ከሥሩ ያለውንም ሣር ያፍነዋል። ያን ጊዜ ካገኘሽው ሥራው ግማሽ ነው።

2. ከእሱ ጋር የሚምታቱት። የሸዋ አረም የሚሉት ጓሮና አትክልት ቦታ እርጥበት ፈልጎ የሚወጣው አለ፤ እሱም አምስት ነጭ የአበባ ቅጠል ነው ያለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። የሱ ግን አምስቱም ጫፋቸው ሦስት ጥርስ አለው፣ መሃሉ ብጫ ነው፣ ቅጠሉም ያልተሰነጣጠቀና ጥንድ ጥንድ ነው። ከብት ቢበላው አትጨነቂ። ጨጎጎት ደግሞ ሲደርስ ይታወቃል፦ ጥቁር መርፌ የመሰለ ፍሬው ቀሚስ ላይ ይሰካል። ደላንታና ዋድላን በመሰለ ደጋ ላይ ትልልቅ ነጭ አበባ፣ ረጅም አንገት፣ እንደ እንስላል የቀጠነ ቅጠል ያለው ካየሽ እሱ ሌላ የደጋ አበባ ነው፤ ቆቦ ላይ አትጠብቂው። ብጫዎቹን አደይንና መጭን አላነሳም፣ ያንቺ ነጭ ነው። (መጭን ከኑግ የሚያምታታ ካለ ለብቻው ይጠይቅ፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

3. ማጭድ አታንሺ። ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የታጨደ ቅንጬ ከአንገቱ እንደገና አቆጥቁጦ፣ አጥሮ፣ ቅርንጫፉን አብዝቶ ያብባል። እያንዳንዷ የአበባ ራስ አምስት ፍሬ ትሰጣለች፤ አንድ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ፍሬ ያፈራል፤ አፈር ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ዓመታት ይቆያል። አጭደው ወንዝ ዳር የሚጥሉት ሰዎች የሚያናድዱት ለዚህ ነው፤ ጎርፉ ፍሬውን ጠራርጎ ከታች ያለው ሰው ማሳ ላይ ይዘራለታል። ወደ አገራችንም በ77ቱ ድርቅ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር እንደገባ ይታመናል። ዛሬም የሚጓዘው በመኪና ጎማ፣ በከብት ኮቴ ጭቃ፣ በዘር እህል ነው። የምትዘሪውን ማሽላ አበጥሪው፤ የቅንጬ ፍሬ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ነው።

እንግዲህ መንቀሉ። ዝናብ በዘነበ ማግስት፣ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ከአንገቱ ይዘሽ ከነዋናው ሥሩ ሳቢው። ከተበጠሰ ቆፍረሽ አውጪው። ባዶ እጅ አይሆንም፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል ደርበሽ እሰሪ፣ እጅጌ ረጅም ልበሺ፣ አፍንጫሽን በነጠላ ሸፍኚ። «እኔን ምንም አላደረገኝም» የሚሉሽን አትመኚ፤ ይህ ተክል ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን አያሳክክም። ደጋግሞ ሲነካ ነው ሰውነት የሚጠላው፤ ከዚያ በኋላ እድሜ ልክ በነኩት ቁጥር ቆዳው ይቆጣል፣ ደቃቁ የአበባ ብናኝም አስም ይቀሰቅሳል። ሕፃናትን ለአረም አታሰማሪ። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና እጠቢ፣ ልብሱንም ለብቻው።

አንድ ጊዜ ነቅሎ መተኛት የለም። ከበቀለ በአራት ሳምንት ገደማ ሊያብብ ስለሚችል በየሦስት ሳምንቱ ተመለሺ። መስኖ ካለ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል፣ ክረምት አይጠብቅም። «ማሽላው ከፍ ሲል ይውጠዋል» ብሎ መጠበቅም አያዋጣም፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ሙከራ ሳይታረም የተተወ ማሽላ ምርቱ እንደ ቦታውና እንደ ዓመቱ ከ40 እስከ 97 በመቶ ቀንሷል።

ያላበበውን ነቅለሽ እዚያው ፀሐይ ላይ ብትተዪው ይደርቃል። ያበበውን ግን በማዳበሪያ ከረጢት አጭቀሽ አውጪ፤ ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪ፣ ከፍግ ጋር አትቀላቅዪ። ለመጥረጊያ የሚያስሩትም አሉ፤ ግቢ እየጠረጉ መዝራት ማለት ነው።

መድኃኒት ካሰብሽ፣ 2,4-ዲ (ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድል መርጨት) ማሽላውን ብዙ ሳይጎዳ ገና መሬት የተነጠፈውን ቅንጬ ይይዘዋል፤ ካበበ በኋላ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ነፋስ ባለበት ሰዓት ከተረጨ የጎረቤትን ማሾ ያቃጥላል፣ ጠቡም ከአረሙ ይብሳል። ማሳሽ ውስጥ ማሾ ጣልቃ ከዘራሽ ጭራሽ አትንኪው። ወደ ግብርና ባለሙያ ስትሄጂ በአፍ ብቻ አታስረጂ፤ «አረም ነው፣ ንቀይው» ብለው ይመልሱሻል። ተክሉን ከነሥሩ በፌስታል ይዘሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ።

ላሟን በተመለከተ፣ ሌላ መኖ ካላት ራሷ አትነካውም። ስትራብ ግን ትበላዋለች፤ ወተቱ ይመራል፣ ብዙ ከበላች ትታመማለች። አጥሩ ጥግ ያለውን ዛሬውኑ አንሺና ከዚያ አርቀሽ እሰሪያት።

አሁንም ከተጠራጠርሽ አንዱን ከነሥሩ ነቅለሽ፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚገናኝበትን አስጠግተሽ ፎቶ አንሺ፤ አበባው አጠገብም የአንድ ብር ሳንቲም አድርጊ።